ሁለት ጣት ቦታ

ባልደረባዬ ሂራሳዋ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኪናው ባለቤት ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን ሰድዶ፣ የተቃጠለውን የፊት መብራት አምፖል ራሱ እንዲቀይር። ጃፓን፣ ሐማማትሱ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን ከዚህ በፊት በሠራት መኪና ላይ አምፖል ለመቀየር ፓራውልቱ መውለቅ ነበረበት። እሷን የገዙት የሂራሳዋ አባት ለአንዲት አምፖል ጋራዥ ሄዶ ሰው ማስቸገር ነውር መስሏቸው፣ በኒጋታ ክፍለ ሀገር በረዶ ላይ በአንድ መብራት ሲነዱ ከርመው ቦይ ውስጥ ገቡ። ጉዳት አልደረሰባቸውም። መንዳት ግን ተዉ።

እኛ ዘንድ ስብሰባ የተወሰነ ነገር የሚነበብበት ነው፤ ውሳኔው የሚያልቀው ቀደም ብሎ፣ በየጠረጴዛው ነው። ሂራሳዋም አምፖሉ የሚቀየርበትን የእጅ ማስገቢያ ቀዳዳ ንድፍ ይዞ ሁለት ወር ዞረ። ሁላችንም እንደ ፊርማ የሚያገለግለውን የግል ማኅተማችንን አሳረፍንለት። እጁን ወደ ናሙናዋ መኪና ቀዳዳ ያስገባ ግን አልነበረም፤ እኔም አላስገባሁም። እንዲያ የለፋን ሰው «እስቲ ልሞክረው» ማለት አላምንህም እንደማለት ነው። ጨዋነታችን አንዳንዴ ያናድደኛል።

በስብሰባው ቀን ናሙናዋ መኪና መሃል ቆመች። በማግስቱ የፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ ብረት በንድፉ ልክ ስለሚቆረጥ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። አለቃችን ኦጊኑማ ማኅተሞቹን አይተው ሲያበቁ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«እስቲ እኔ ልቀይራት።»

እጃቸው ገባ። አልወጣም። ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን።

«ሂራሳዋ፣» አሉ እንዳጎነበሱ፣ «ይሄ የተሠራው ለሕፃን ነው እንዴ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አውራ ጣትዎን ትንሽ ወደ ውስጥ ይጠፏት።»

«አጥፌያታለሁ እኮ! ጓንት ባደርግማ ኖሮ እዚሁ ማደሬ ነበር።»

በመጨረሻ እጃቸው ተልጦ ወጣ። «ብረቱ በዚህ ንድፍ አይቆረጥም፤» አሉ። «ሁለት ጣት ካልሰፋ አምፖሉ እንደ ድሮው ጋራዥ ይቀየር።»

ከቀዳዳው ኋላ የተቀመጠው የመስታወት ማጠቢያ ውሃ መያዣ ነው፤ እሱን የሚነድፈው ደግሞ ሱጋያ ነው። ሂራሳዋና ሱጋያ በአንድ ዓመት ተቀጥረው ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ምሳ የበሉ ናቸው። ሂራሳዋ ፊቱ እንደቀላ፣ ቀድሞ ሳያማክረው፣ ሰው ፊት ጠየቀው። እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም።

«ሱጋያ፣ መያዣውን ሁለት ጣት ወደ ኋላ ብታስጠጋልኝ?»

«ሦስትም ይቻላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ቦታውን ባዶ ትቼ ሁለት ወር ስጠብቅህ ነበር። አንተ መጥተህ ማኅተም ብቻ ለምነህ ትሄዳለህ።»

«ታዲያ ምነው አትነግረኝም?»

«ሳትጠይቀኝ ቀዳዳህ ጠባብ ናት ልበልህ?»

«ላስቸግርህ አልፈለግኩም።»

«አባትህስ እንዲህ ብለው አይደል ቦይ የገቡት?»

ሂራሳዋ እርሳስ አወጣ፤ ሱጋያም የንድፉን ወረቀት በሁለት እጁ ያዘለት። ሂራሳዋ እዚያው እንደቆመ የቀዳዳውን መስመር ሦስት ጣት አሰፋው።