ሳይነበብ ያለፈ ቃል

ካፒቴኑ ለጡረታ አራት ወር ቀርቶታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲበር ስሙ አንድም ቀን በጥፋት ተነሥቶ አያውቅም። አሁን ከዚህ ዓለም የሚመኘው ነገር ቢኖር እነዚህን አራት ወራት በሰላም ጨርሶ፣ እንዳመጣጡ ንጹሕ ሆኖ ቤቱ መግባት ብቻ ነው።

ባልደረቦቹ «አባ ዝምታ» ይሉታል። ፊት ለፊቱ ግን ማንም አይለውም። ደመናው አውሮፕላኑን እንደ ወንፊት ቢያንጓልለው፣ ተሳፋሪው ቢጮህ፣ እሱ ከንፈሩን አያላቅቅም። አዳዲሶቹ አብራሪዎች «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ያደንቁታል። ከእሱ ጋር የተመደበ ሁሉ ያን ቀን ልቡ ያርፋል።

የዚያን ዕለት አራተኛ በረራቸው ነበር። ገና ሳይነጋ ነው የጀመሩት፤ አሁን ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ጉልበቱን ታቃጥለዋለች። በወረቀት ኩባያ የቀረበለት ሻይ ከበረደ ቆይቷል፤ የተገመሰ ዳቦም ከጎኑ ደርቋል። ወገቡ ድንጋይ የተሸከመ ይመስል ተይዟል፤ እግሩ ጫማው ውስጥ አብጧል። ድካም ሲባል የአንድ ቀን ድካም አለ፣ የዓመታት ድካም አለ፤ የሱ ሁለቱም ተደራርበው ነው።

በቀኝ ወንበር የተቀመጠችው ረዳት አብራሪ የልጁ እኩያ ናት። በሚመጣው ወር ለካፒቴንነት ትፈተናለች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ምላሷም አይታማም።

«ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?»

«ዓይኔ ክፍት መሆኑን አታዪም?»

«ዓሣም ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው።»

ፈገግ አለና ወደ ፊቱ ተመለከተ። አውሮፕላኑ በራሱ እየወረደ ነበር።

እዚህ ላይ የማሽኑ ነገር ካልተነገረ ወሬው አይገባም። በዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ሁለት የማይታዩ ሠራተኞች አሉ በሉ። አንዱ አፍንጫውንና ክንፉን ይይዛል፤ ሲታዘዝ ይዞራል፣ ሲታዘዝ ይወርዳል። ሌላው የሞተሩን እጀታዎች ይይዛል፤ ፍጥነት ሲያንስ ጉልበት ይጨምራል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ጎበዞች ናቸው፤ አይደክሙም፣ አያኮርፉም። ነገር ግን አፍ የላቸውም። አሁን ምን እየሠሩ እንደሆነ የሚታወቀው በአብራሪው ፊት ባለው ስክሪን አናት ላይ በሚጻፉ አጫጭር አረንጓዴ ቃላት ነው። ሥራቸውን ሲለውጡ ቃሉም ይለወጣል። ደወል የለ፣ ጩኸት የለ። ስለዚህም የአብራሪዎች ሕግ እንዲህ ይላል፤ ቃል በተለወጠ ቁጥር የሚያበረው ጮክ ብሎ ያነባል፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ አይቶ «አየሁ» ይላል። በቀን መቶ ጊዜ ቢሆንም መቶ ጊዜ። ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ።

ካፒቴኑ ይህን ሕግ ለስንቱ አስተምሯል! እሱ ግን ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ አፉን አሳርፎ በዓይኑ ብቻ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ፣ ማሽኑ ተሳስቶበት ስለማያውቅ፣ ዓይኑም ማረፍ ለመደ። ከጎኑ የሚቀመጡትም «በልቡ አንብቦታል» እያሉ አለፉት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው እንዲህ ያለው ላይ ነው።

እየወረዱ ሳሉ የሞተሩ ሠራተኛ ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ቀነሰ፤ ቃሉም ተለወጠ። አዲሱ ቃል በእኛ አነጋገር «እጄን አንሥቻለሁ፤ እጀታዎቹ ባሉበት ናቸው፤ ከፈለግህ አንተ ግፋቸው» ማለት ነበር። ካፒቴኑ አላነበበም። እሷም በዚያች ሰዓት ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር በሬዲዮ እየተነጋገረች ነበር።

«ሁለት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ቆዩ፤ ከፊታችሁ ትንሽ አውሮፕላን አለች» አላቸው የማማው ሰው።

«እኔው ልያዘው» አለ ካፒቴኑ። ቀኑን ሙሉ እጁ ሥራ ፈትቶበት ነበር፤ የድሮው ሙያ ናፈቀው። ቁልፉን ተጭኖ አፍንጫ ያዡን ሠራተኛ አሰናበተና መሪውን ጨበጠ። ሁለት ሺህ ጫማ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ እንደ ጠረጴዛ ቀጥ አድርጎ ያዘው። መያዙስ ያምር ነበር! ጉልበቱን ያኛው ይሰጠኛል ብሎ ተማምኗል። ያኛው ግን እጁን አንሥቶ ተቀምጧል።

ሁለቱም ትንሿን አውሮፕላን ፍለጋ በመስኮት ያያሉ። ፍጥነቱ መቶ ስድሳ ነበር፤ በጣም ካነሰ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። መቶ ሃምሳ ሆነ። መቶ አርባ። ሞተሩ ጭጭ ብሏል፤ ጭጭታው ደግሞ ለደከመ ጆሮ ደስ ይላል።

«ያቻትና፣ ወደ ግራ ዞረች» አለችና ረዳቷ ዓይኗን ወደ ውስጥ መለሰች። «ፍጥነት! ጋሼ፣ ፍጥነት!»

እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። እጀታዎቹን እስከ ጥግ ገፋቸው። ሞተሮቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ቀጥሎ አገሡ። አውሮፕላኑ ወገቡን እንደ ተደገፈ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ ምንም አላወቀም። ካረፉ በኋላ ተሳፋሪው ሲወርድ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆማ «እንዲህ ያለ ለስላሳ በረራ አይቼ አላውቅም፤ እጅዎ ይባረክ» አለችው። እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት።

ሁሉም ወርዶ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ወንበራቸው ላይ ቀሩ።

«ፍጥነቱ የት ደርሶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«መቶ ሃያ አራት።»

«እኔ አላየሁትም። አንቺ ባትናገሪ ማስጠንቀቂያው እስኪጮህ አላውቅም ነበር።»

«እኔም ጥፋት አለብኝ። ቃሉን አላየሁትም። በዚያ ላይ ከጠዋት ጀምሮ እርስዎ እንዳላነበቡ እያወቅሁ ‹ያንብቡ› አላልኩም።»

«ለምን አላልሽም?»

«አይ ጋሼ፣ ማን ደፍሮ አባ ዝምታን...» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ካፒቴኑ ከት ብሎ ሳቀ። «አውቀዋለሁ፣ አትደንግጪ። ካወጡልኝ አሥር ዓመት ሆኖታል።»

ሳቁ ሲያልቅ ድካሙ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የበረራ መቅጃው የሚያሳብቀው ፍጥነቱ ከዚህ በታች ሲወርድ ነው። እርስዎ ካልጻፉ ማንም አያውቅም። አራት ወር ነው የቀረዎት፤ ከእኔ አይወጣም።»

«ሂጂ እረፊ፣ ልጄ» አላት።

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ሾርባ አቀረበችለት። ማንኪያውን ይዞ ሳይጠጣ ነገራት። ሠላሳ አምስት ዓመት አብራው ኖራለች፤ የአውሮፕላኑን ነገር ባታውቅም የፊቱን ታውቃለች።

«ማን አየህ?» አለችው።

«እሷ ብቻ።»

«ትናገራለች?»

«አትናገርም። እንቅልፍ የሚነሣኝ እሱ ነው። ዛሬ ለእኔ ብላ ዝም ትላለች፤ በሚመጣው ወር ካፒቴን ትሆናለች፤ አንድ ቀን እሷም ሲደክማት ከጎኗ ያለው ዝም ይላታል። እኔ ነኝ እንግዲህ ያስተማርኳት።»

«ብትጽፍ ያግዱሃል?»

«ለጊዜው ያግዱኛል። ከዚያ ይፈትኑኛል።»

«አራት ወር!» አለች ባለቤቱ ጣሪያውን እያየች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ታግሠህ አራት ወር አቃተህ!» ሳህኑን አነሣች። «በል ጻፍ። ሾርባውን አሙቄ አመጣልሃለሁ።»

አምስት መስመር ጻፈ። ቃሉ ሲለወጥ አለማንበቡን፣ ጮክ ብሎ ካነበበም ብዙ ጊዜ እንደሆነው፣ ረዳቷ ባትናገር ኖሮ እንደማያውቅ። ስለ ድካሙ ምንም አልጻፈም፤ ሰበብ መሰለው።

የበረራ አለቃው የጥንት ጓደኛው ነው፤ አብረው ነው የተማሩት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«አንተ ሰው፣ ምን አስለፈለፈህ? ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው?»

«ኮክፒት ውስጥ ይነቅዛል።»

«አሁን ምን ላድርግህ? ይህን ካየሁ በኋላ ልልክህ አልችልም እኮ። ሦስት ቀን ሲሙሌተር ትገባለህ። ካለፍክ ትመለሳለህ፣ ከወደቅክ...»

«ከወደቅሁ ቤቴ ቅርብ ነው።»

ሲሙሌተር የሚሉት አየር ላይ የማይወጣ አውሮፕላን ነው። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ በረጃጅም የብረት እግሮች ላይ የቆመ ነጭ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ግን ከወንበሩ እስከ ቁልፎቹ ቁርጥ እውነተኛው ኮክፒት ነው። ፈታኙ የቀድሞ ተማሪው ሆኖ ተገኘ። ያፍር ነበር ምስኪን፤ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እስቲ እንደገና እንየው» ሳይል አንድም ነገር አያዝም።

የመጀመሪያውን ቀን ካፒቴኑ ጉሮሮው እስኪደርቅ አነበበ። ቃል ተለወጠ፣ አነበበ፤ ተለወጠ፣ አነበበ።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ ለካ ጥሩ ነው!» አለው ፈታኙ ሲወጡ። «ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀውን።»

በሁለተኛው ቀን ያችኑ ወጥመድ አጠመደለት። ሞተሩ ጉልበቱን ቀንሶ ሠራተኛው እጁን ሲያነሣ፣ ካፒቴኑ ጮክ ብሎ አንብቦ እጀታውን በገዛ እጁ ገፋ። ፍጥነቱ ዝንፍ አላለም። ያን ምሽት ቤቱ ሲገባ ሾርባውን ሳይበርድ ጠጣ፤ ባለቤቱም አራቱ ወር ተመለሰልን ብላ ተስፋ አደረገች። እሱም አድርጓል፤ ባያደርግማ ለምን ይደክማል?

ሦስተኛው ቀን ረዘመ። ሞተር አጠፉበት፣ ነፋስ ለቀቁበት፣ ጭጋግ አለበሱበት። ሁሉንም ተወጣ። በመጨረሻ ፈታኙ «አሁን ዝም ብለው ያሳርፉት፤ ምንም ወጥመድ የለም፤ ይበቃናል» አለው። አሳረፈው። የአዳራሹ መብራት በራ።

«እንኳን ደስ አለዎት! አልፈዋል።»

ካፒቴኑ ከወንበሩ አልተነሣም። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስክሪኑን ያያል።

«የመጨረሻው ላይ፣ ከማረፋችን በፊት ቃሉ ተለውጦ ነበር። ሳነበው ሰምተኸኛል?»

ፈታኙ አሰበ። «እኔ... አላስተዋልኩም።»

«ድምፁን መልሰህ አሰማኝ።»

መልሶ አሰማው። የሞተር ድምፅ አለ፣ የነፋስ ድምፅ አለ። የካፒቴኑ ድምፅ ግን ከ«ይበቃናል» በኋላ እስከ ማረፊያው ድረስ የለም።

«ጋሼ፣ ምንም የተፈጠረ ነገር እኮ የለም! ማሽኑ ፍጥነቱን ይዞት ነበር።»

«የዚያን ዕለትም ቢይዘው ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። ያለፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ማሽኑ ነው ያለፈው።»

«ለአንድ ቃል ብለው?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚህ ብቻ እያሰብኩ፣ አንተ ከኋላዬ ቆመህ እያየኸኝ፣ አንድ ተሳፋሪ ሳልጭን ነው የረሳሁት። ‹ይበቃናል› ስትለኝ አፌም ዓይኔም አብረው ተኙ። ሰው ጭኜ አራተኛ በረራ ላይ ስሆንስ?»

ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። «ትንሽ ቢያርፉ... አንድ ወር ዕረፍት ወስደው...»

«እጅ ቢዝግ ይወለወላል፣ ልጄ። ይሄ ዝገት አይደለም፤ የዓመታት ድካም ነው። ድካሙን ደግሞ አንተ በፈተና አታመጣውም፣ እኔ ነኝ ይዤው የምዞረው። ብዕርህን ስጠኝ።»

ፈታኙ «አልፏል» ብሎ ከጻፈበት ሥር ካፒቴኑ በራሱ እጅ «ወደ በረራ እንድመለስ አልጠይቅም» ብሎ ጻፈና ፈረመ።  ተማሪው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ባለቤቱ መኪናውን በር ላይ አቁማ ትጠብቅ ነበር። ገብቶ ተቀመጠ።

«ወደቅክ?»

«አለፍኩ።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ?»

«አልመለስም ብዬ ፈረምኩ።»

መሪውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው። ከዚያ፣ «አሁን አራት ወር ሙሉ ቤት ተቀምጠህ ድስቴን ልትቆጣጠር ነው?» አለችው።

«ከፈቀድሽልኝ።»

«ቆጨህ?»

«ቆጨኝ እንጂ! ለምን አይቆጨኝ? ደክሞኛል ግን። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደክሞኛል።»

መኪናውን አስነሣች። ዋናው መንገድ ላይ ሳይደርሱ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ተኛ፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ቤት ደርሰው ሞተሩን ስታጠፋም አልነቃም። ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋችና ተወችው። በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ለአየር ጥቂት ዝቅ አደረገችለት፤ ቦርሳውን አንሥታ፣ በሩን ሳታላትም ገፋ አድርጋ ዘግታ፣ ራት ልትሠራ ገባች።