የጀነሬተሩ ክርክር

ለምን ተመለስሽ?

ከመጣሁ ጀምሮ ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። የባጃጅ ሹፌሩ ጠይቆኛል፤ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ የምታነሳልኝ ልጅ ጠይቃኛለች፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ፅጌ የጸሎት ጓደኞቿን ቤት በጠራች ቁጥር እነሱም በየተራ ጠይቀውኛል። ለሁሉም የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ። ለሹፌሩ ብርዱ መሮኝ ነው አልኩት። ለፎቶ ኮፒዋ ልጅ ቤተሰብ ናፍቆኝ ነው አልኳት። ለጸሎት ጓደኞቹ የጌታ ፈቃድ ነው ስላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ "አሜን" አሉና ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። እስካሁን ከሰጠሁት መልስ ሁሉ የሠራው እሱ ብቻ ነው።

እውነተኛውን መልስ ግን እኔም አላውቀውም። እንግሊዝ አገር ሊድስ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ሕግ ተምሬ፣ ሐዋሳ ታቦር ሰፈር አክስቴ ቤት ተመልሼ ስገባ ሁለት ሻንጣ ይዤ ነበር። አንዱን ፈታሁት። ሁለተኛውን አልጋ ሥር ገፋሁት። ሐዋሳ ውስጥ በሙያዬ የሚያስጠጋኝ ካገኘሁ እፈታዋለሁ፤ ካላገኘሁ እንደተዘጋ ይዤው እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አክስቴ ክፍሉን ስትጠርግ ሻንጣውን በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ታደርገዋለች እንጂ ስለሱ ምንም ብላ አታውቅም።

ከዚያ ፒያሳ ያለ አንድ የጥብቅና ድርጅት በቴሌግራም ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ተለማማጅ ይፈልጋል። መጀመሪያ ማመልከቻና ሲቪ፣ ከዚያ የቡድን ክርክር፣ በመጨረሻ ቃለ መጠይቅ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉ የሕግ ተማሪዎች "የቡድን ክርክር ደግሞ ምንድነው?" እያሉ ሲጨነቁ እኔ በውስጤ ደስ አለኝ። ይህ የማውቀው ጨዋታ ነው። ሊድስ እያለሁ እንዲህ ላሉ ድርጅቶች ሳመለክት ነው የኖርኩት፤ ለመዘጋጃ የሚሆን ስልጠናም ወስጃለሁ። አንዱም አልተቀበለኝም፤ ግን እንዴት እንደሚዘጋጁ በደንብ አውቃለሁ።

የምለማመድበት ሰው አስፈለገኝ። የአክስቴ ልጅ ዮፍታሄ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ነው፤ አንተም አመልክት አልኩት።

"ለአጃቢነት ነዋ" አለ።

"ለልምድ ነው። ሲቪህን አምጣ።"

ስልኩን ሰጠኝ። ከስሙ ቀጥሎ "የትዳር ሁኔታ፦ ያላገባ" ይላል።

"ይሄ ለጠበቆቹ ምን ያደርግላቸዋል?"

"እሱ ለሌላ አንባቢ ነው።"

"አጥፋው። የመሪነት ልምድ የሚለው ደግሞ ለምን ባዶ ሆነ?"

"የለኝማ።"

"ቸርች ሳውንድ ሲስተም ላይ አይደል የምታገለግለው? እዚያ ምን ትሠራለህ?"

"ገመድ እጠቀልላለሁ።"

"'የድምፅ ቴክኒክ ክፍል አስተባባሪ' ብለህ ጻፍ።"

ስልኩን መልሶ ወሰደ። "ሩሄ፣ እዚያ ያስተማሩሽ ሕግ ነው ወይስ ማጋነን?"

ሩሀማ ነው ስሜ፤ ሩሄ የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው፤ ማለትም ሁልጊዜ።

ማታ ማታ በረንዳው ላይ ክርክር እንለማመድ ጀመር። እኔ አንዱን ወገን፣ እሱ ሌላውን። ቀና ብለህ ተናገር፣ አትሽኮርመም፣ አታቋርጪኝ ብለህ እንኳ ተቆጣኝ እለዋለሁ። ጥሩ ይጀምራል። አንቀጽ ይጠቅሳል፣ ማስረጃ ይደረድራል። እኔ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ግን ወንበሩ ላይ ወደኋላ ይልና "እሺ፣ ልክ ነሽ" ይላል።

"ልክ ነሽ አይባልም!"

"ልክ ከሆንሽስ?"

"ብሆንም አይባልም። ለደንበኛህ ነው የቆምከው።"

አንድ ማታ አክስቴ ከመዘምራን ልምምድ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችን።

"ምን አጣላችሁ?"

"እየተለማመድን ነው" አልኳት።

"ለመጣላትም ልምምድ ያስፈልጋል?" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሁለታችንም ለቡድን ክርክሩ ተጠራን። በዋዜማው አንድ የመጨረሻ ምክር ሰጠሁት። "ዘመድ መሆናችንን እንዳትናገር።"

"ለምን?"

"ፕሮፌሽናል አይመስልም። ተጠራርተው መጡ ይሉናል።"

"ሐዋሳ ውስጥ? ማን ከማን የማይዛመድ አለና ነው?"

"ዮፍታሄ።"

"እሺ፣ ልክ ነሽ።"

የድርጅቱ ቢሮ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ሌሎቹን ሁለት ተወዳዳሪዎች አገኘናቸው፤ ናርዶስና ኦሊያድ፣ ሁለቱም የዮፍታሄ የክፍል ጓደኞች። ሊድስ ቢሆን እንዲህ ባለ ቀን ተወዳዳሪዎች ፈገግ ይባባሉና በዓይናቸው የሌላውን ጫማ ይገምታሉ። ናርዶስ ግን "አንዴ እንጸልይ" አለች። አራታችንም ደረጃው ላይ አንገታችንን ደፋን። ለአንድ ቦታ ለመጣን ለአራታችን፣ አራታችንም እንድናልፍ ጸለየችልን። ኦሊያድ ቤተ እምነቱ ሌላ ቢሆንም ከሁላችን የጎላው አሜን የእሱ ነበር።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ጠበቁን። የድርጅቱ መሥራች አቶ ግዛቸው ስልሳ የተጠጉ፣ ካኪ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው። ባልደረባቸው ወይዘሮ መቅደስ መነጽራቸውን ወደ ታች አውርደው አንድ በአንድ አዩን። ጉዳዩን ያነበቡልን እሳቸው ናቸው። አንድ ሆቴል ትልቅ ጀነሬተር አለው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ይነሳል። አጥሩን የሚጋራው መዋለ ሕፃናት ልጆቹ መተኛት አልቻሉም ብሎ ከሷል። ኦሊያድና እኔ ለመዋለ ሕፃናቱ፣ ናርዶስና ዮፍታሄ ለሆቴሉ ተመደብን።

ጀመርኩ። የተማርኩትን ሁሉ አወጣሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተነሳሁ፣ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግሁት፣ ስለ ሕፃናት ጆሮ ተናገርኩ፣ ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ ወደ ዮፍታሄ ዞሬ "የደንበኛዎ ጀነሬተር ሕፃናቱን እየጎዳ አይደለም ብለው እዚህ ፊታችን ሊምሉ ይችላሉ?" አልኩት።

ዮፍታሄን እርስዎ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ፊቱ ቀላ። አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ወይዘሮ መቅደስ አየ። ያቺ የበረንዳዋ ወደኋላ ማለት መጣች።

"እሱስ… ልክ ነሽ" አለ።

ናርዶስ ቀስ ብላ ዞራ አየችው። ወይዘሮ መቅደስ አንድ ነገር ጻፉ። ያን ጊዜ እዚያ ሊወድቅ መሆኑን አየሁ፤ የጣልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጣልቃ ገባሁ።

"ቢሆንም" አልኩ፣ "ሆቴሉ ፈቃድ እንዳለው መርሳት የለብንም።" ዮፍታሄ ያንን እንዲይዝ ነበር ሐሳቤ። አልያዘም። "ሆቴሉ ደግሞ መዋለ ሕፃናቱ ከመከፈቱ በፊት ነው የተሠራው" አልኩ። አሁንም ዝም። "ደግሞስ መብራት ሲጠፋ የሆቴሉ የምግብ ማቀዝቀዣ ከቆመ እንግዶች በተበላሸ ምግብ ቢታመሙ ማን ነው ተጠያቂው?"

ጥሩ ነጥብ ነበር። በዚያ ቀን ከተነሱት ሁሉ የተሻለው ሳይሆን አይቀርም። ኦሊያድ እጅጌዬን ሳብ አደረገኝ።

"ሩሀማ" አለኝ በሹክሹክታ፣ ሁሉም በሰማው ሹክሹክታ፣ "እኛ እኮ መዋለ ሕፃናቱ ነን።"

ቀጥሎ ቃለ መጠይቁ ነበር፤ መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። አቶ ግዛቸው ስገባ ብድግ ብለው ጨበጡኝና ወንበር አሳዩኝ።

"በሠላሳ ዓመት ሥራዬ" አሉ፣ "ሁለቱንም ወገን በአንድ ክርክር የወከለ ጠበቃ አላየሁም። ፈቃድ ቢኖርሽ ኖሮ ዛሬውኑ ይነጠቅ ነበር።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ምንም አይደል። ለሆቴሉ ስትከራከሪ ግን የበለጠ ጎበዝ ነበርሽ።" ከዚያ ሲቪዬን ገለጥ አደረጉ። "ለምን ተመለስሽ?"

የተዘጋጀሁበት ነበር። ቀና ብዬ "በውጭ አገር ያካበትኩትን እውቀት ለአገሬና ለሕዝቤ ለማበርከት" ብዬ ጀመርኩ።

"እሱን ተይው" አሉኝ፣ በደግነት። "ባለፈው አንድ ዶክተር በቴሌቪዥን ቃል በቃል ሲናገሩት ሰምቻለሁ። እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው።"

 ከታች ከኬክ ቤቱ የማኪያቶ ማሽን ድምፅ ይሰማል።

"አላውቅም" አልኩ።

"ይሄ ይሻላል። ስታውቂው ጻፊልኝ፤ ቁጥሬ ማስታወቂያው ላይ አለ።"

ዮፍታሄ የተጠራው መጨረሻ ላይ ነው። በጣም ቆየ። በመስታወቱ በር በኩል የወይዘሮ መቅደስ እጅ ሲወራጭ ይታየኛል፤ እየገሠጹት መሰለኝ። ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ደረጃውን እስክንወርድ አላናገርኩትም።

"ምን አልካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ምኑን?"

"ዘመድ መሆናችንን። ሕፃን ሆኜ አዝላኛለች፣ ከእሷ ጋር ሰው ፊት መከራከር አይሆንልኝም፣ ከሌላ ሰው ጋር መድቡኝ አልኳቸው።"

"እና?"

"ወይዘሮ መቅደስ ራሳቸው መዋለ ሕፃናቱን ሆኑ።"

"ከዚያስ?"

"እንትን…" ጆሮውን አከከ። "ጀነሬተሩ ባለበት ይቆይ ብለዋል።"

በባጃጅ ወደ ታቦር ስንወጣ ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ጠበቃ ከተቃራኒው ወገን ጋር ዝምድና ካለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መናገር አለበት። ሊድስ በዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ውጤትም ነበረኝ። ዮፍታሄን አትናገር ያልኩት ያው እኔ ነኝ።

ሐሙስ ስልክ ተደወለ። ቦታውን የሰጡት ለዮፍታሄ ነው። ስልኩን ዘግቶ በረንዳው ላይ እኔ አጠገብ ተቀመጠ።

"ልተወውና ለአንቺ ይስጡሽ" አለ። "አንቺ ነሽ የምትፈልጊው። እኔ ለአጃቢነት ነበር።"

"ደግሞ ልትሸነፍልኝ ነው?"

"አይደለም፣ ግን ሻንጣሽ…"

ሻንጣውን ለምን እንዳልፈታሁት ማንም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

"ስማ" አልኩት፣ "ሰኞ ጠዋት ካልሄድክ የድምፅ ቴክኒክ ክፍል አስተባባሪው የሚጠቀልለው ገመድ መሆኑን ለዚያች ለሌላዋ አንባቢህ ሄጄ እነግራታለሁ።"

 "እሺ፣ ልክ ነሽ።"

ይህችን እንኳ ተቀበልኳት።

ክፍሌ ገብቼ አልጋ ሥር ጎንበስ አልኩ። ደስታውንም ንዴቱንም ምን እንደማደርጋቸው አላወቅሁም ነበር፤ ሻንጣውን ጎትቼ ማየት ብቻ ነው የፈለግሁት። ሻንጣው የለም። የነበረበት ቦታ ንጹሕ ተጠርጓል።

"አክስቴ!"

"ወይ።" ከጓዳ ነው የመለሰችልኝ።

"ሻንጣዬ የት ሄደ?"

"የመዘምራን ልብስ ከተትኩበት። ለቸርች ትልቅ ሻንጣ አጥተን አልነበር? ያንቺን ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ አጥፌ አስቀምጬልሻለሁ፤ ያን ወፍራም ኮት ለጎረቤታችን ለኢዮብ እናት ሰጠኋት፣ እዚህ ማን ይለብሰዋል?" ከዚያ ወደ በሩ መጣች፤ እጇ ሊጥ ነበረበት። "ምነው? ልትሄጂ ነበር እንዴ?"

 ከዚያ ሊጡ እንዳይደርቅባት ተመልሳ ገባች።

የዚያን ዕለት ለአቶ ግዛቸው በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። ብዙ ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይህ ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ አቶ ግዛቸው። ሩሀማ ነኝ፣ ሁለቱንም ወገን የወከልኩት። ለምን እንደተመለስኩ ጠይቀውኝ ነበር። እዚያ እያለሁ ክርክር ስረታ ማንም አይቀየመኝም ነበር፤ ስሸነፍም ማንም አያዝንልኝም ነበር። ሆን ብሎ የሚሸነፍልኝማ ከየት ይመጣል። የተመለስኩት ለዚህ ይመስለኛል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ወደፊት ሌላ ቦታ ከከፈቱ አመለክታለሁ፤ ዘመዴ እዚያ እንደሚሠራም ከአሁኑ አሳውቃለሁ።"

እንዳነበቡት ምልክቱ አሳየኝ።

ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ኬክ ቤቱ ውስጥ ከአንዴም ሁለቴ አግኝቻቸዋለሁ። ብድግ ብለው ይጨብጡኛል፤ አክስቴ እንዴት እንደሆነች ይጠይቁኛል፤ ዮፍታሄ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከመቅደስ ጋር ግን እስካሁን ይከራከራል ይሉኛል። እምቢ ብላቸውም የማኪያቶዬን ይከፍላሉ። ስለ መልእክቱ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ቤት ስገባ ግን ስልኬን እከፍትና መልስ ይኖር እንደሆነ አያለሁ። የለም።