የታፈነው ኮምባይነር

አሥረኛው የአብዮት በዓል ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር ሲገባ፣ ከአሰላ በታች ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ስንዴው ደርሶ አጨዳ ተጀመረ። ወዲያውም ሣህሌ የሚነዳው ኮምባይነር አመል አወጣ። ጠዋት እያገሳ ይነሣል፤ ረፋድ ላይ ጉልበት ይከዳውና ሳል ሳል እያደረገው ማሳው መሐል ቀጥ ይላል። ጥቂት ሲያርፍ ምንም እንዳልነካው ይነሣና እንደገና ይሞታል።

የእርሻው ካድሬ ኃይለየሱስ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ክፉ አይባልም። ነገር ግን በሰሜን ሕዝብ በረሃብ እያለቀ የደረሰ ስንዴ ሜዳ ላይ ሲቆም መልስ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ዝናብ ያዘለው የጭላሎ ተራራ ደመናም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይል ጀምሯል። ማሽን ያለ ሰው እጅ አይቆምም ብሎ አመነ። ሣህሌ በአሻጥር ተጠርጥሮ የማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ ተዘጋበት። ኮምባይነሩ በሌላ ሹፌር እጅም ያንኑ ሲያደርግ፣ «ቀድሞ አበላሽቶት ነው» ተባለ።

ጥገናው የወልደጻድቅ ሥራ ነበር። ጸጉሩ የሸበተ መካኒክ ነው፤ ሞተር ከጣሊያኖች ጋራዥ ጀምሮ ያውቃል። በሽታውን በመጀመሪያው ቀን ለየው፤ በቂ ናፍጣ አይደርሰውም። ምክንያቱን ግን አጣው። የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ ቀየረ፤ ቱቦዎቹን አውልቆ በአፉ እየነፋ አየ፤ ፖምፓውን ፈታ፣ አጠበ፣ መልሶ ገጠመ። የነዳጅ ጋኑም ሙሉ ነው። ማሽኑ ግን አሁንም ረፋድ ላይ ይቆማል።

የሚነዳውን ሰው መጠየቅ የማንኛውም መካኒክ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ወልደጻድቅ ግን አልጠየቀም። ዓምና በሂስ ስብሰባ ላይ ሣህሌ ተነሥቶ፣ «ጓድ ወልደጻድቅ መለዋወጫ ለወዳጆቹ ይደብቃል» ብሎት ነበር። የጋራዥ ኃላፊነቱ በዚያው ቀረበት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሣህሌ ሚስት ተሻለች ምሳ ቋጥራ ወደ መጋዘኑ ስታልፍ ጋራዡ በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ ወልደጻድቅ፣ እርስዎ ካልጠየቁት ማን ይጠይቀዋል?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

ወልደጻድቅ ትንሽ ቆይቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተከተላት። የመጋዘኑ ዘበኛ በሩን ከፈተለት። ሣህሌ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ሲያየው አልተነሣም።

«ሲቆምብህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ዛሬ ትዝ አልኩዎት?»

«ንገረኝ።»

«ወርጄ ናፍጣ እንዳለው አያለሁ። የጋኑን ክዳን ስከፍት እንደ ተጠማ ሰው አየር ፉት ይላል። ከዚያ በኋላ ይነሣል። ለካድሬውም ነግሬዋለሁ። ማሽን አይጠማም አለኝ።»

ወልደጻድቅ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ቀጥ ብሎ ወደ ማሳው ሄዶ ክዳኑን ፈታ። አናቱ ላይ ጋኑ የሚተነፍስበት ቀጭን ቀዳዳ ሊኖር ይገባል፤ የሚታየው ግን አዲስ ቀይ ቀለም ብቻ ነው። በሽቦ ጫር ጫር ሲያደርገው ቀለሙ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። ከሥሩ ቀዳዳው ወጣ።

ለበዓሉ ማሽኖቹ ሁሉ ቀይ ተቀብተው አውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፈው ነበር። ያስቀባው ኃይለየሱስ ነው።

ወልደጻድቅ ክዳኑን ይዞ ብዙ ቆመ። ጠግኖ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። «አቧራ ደፍኖት ነው» ቢልም ያምኑታል፤ ያኔ ግን አቧራውን ያልጠረገው ሹፌሩ ነው ሊባል ነው። የዓምናው ስብሰባ ትዝ አለው። በሣህሌ መታሰር ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎት እንደነበረም ያን ጊዜ ታወቀው፤ አስጠላው።

ካድሬው ቢሮ ገብቶ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጓድ፣ ጋኑ መተንፈሻ አጥቶ ነው። ናፍጣው ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ጠዋት ናፍጣ ለመሙላት ስለሚከፈት ነው ደኅና የሚነሣው።»

«ምን ደፈነው?»

«ቀለም።»

ኃይለየሱስ ክዳኑን አገላብጦ አየው፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«የበዓሉ ነው?»

«አዎ።»

«ሌሎቹስ?»

«ገና ወደ አጨዳ አልገቡም እንጂ፣ የተቀቡት ሁሉ በተራቸው ሊቆሙ ይችላሉ።»

ካድሬው ወደ መስኮቱ ዞረ። «እኔ ነኝ ያስቀባሁት» አለ፣ የሌላ ሰው ሪፖርት እንደሚያነብ። ቀጥሎ፣ «ዛሬውኑ ይክፈቷቸው» አለ።

«ሣህሌስ?»

«ምርመራው አልቋል ይባላል።»

ሣህሌ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተለቀቀ። ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ በቀጣዩ ስብሰባም ችግሩ «በቴክኒክ ክፍሉ ጥረት ተወገደ» ተብሎ ታለፈ። የዚያን ዕለት ግን ማዳበሪያ ማዳበሪያ እየሸተተ በቀጥታ ጋራዥ መጣ።

«በመጀመሪያው ቀን ቢጠይቁኝ እኮ እዚያ መጋዘን አላድርም ነበር» አለ።

«አታድርም ነበር» አለ ወልደጻድቅ።

ወልደጻድቅ ከሣጥኑ ሽቦ አውጥቶ ለሁለት ቆረጠና አንዱን ሰጠው። ወጥተው ወደቆሙት ማሽኖች ሄዱ፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ጫፍ ተነሥተው ክዳኖቹን ይከፍቱ ጀመር።