ያልተጠረገው ፈሰስ

እንኳየሁ ጓሮዋን እንደ ልጅ ነው ያሳደገችው። ጣሊያን ወጥቶ አገር ሲረጋጋ፣ ከባሏ ከመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ጋር ከአራዳ በላይ ዳገት ሥር ጎጆ ቀለሱ። ክረምት ሲገባ ግን አፈሩ ከነጎመኑ እየተንሸራተተ ደጃፍ ድረስ ይወርድባቸዋል። መሪጌታ ዜማ እንጂ ድንጋይ አያውቁም። እሷ ከወንዝ ድንጋይ በጀርባዋ እያመላለሰች ዳገቱን በካብ ደረጃ ደረጃ አስያዘችው፤ ከካቦቹ በላይም ጎርፉን ወደ ገደሉ የሚመልስ ፈሰስ ቀደደች። ጎረቤት "ደግሞ ሴት ካብ ትክባለች?" ብሎ ሳቀ። በኋላ በካቡ ላይ ያበቀለችውን ጌሾ ሊገዛ የመጣው ያው ጎረቤት ነው።

ለሰኔ ሚካኤል አጥቢያ ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ወጥታ ብታይ ከላይ የተናደ አፈር ፈሰሱን ደፍኖታል፤ ውሃው ከላይኛው ካብ ጀርባ ተኝቷል። ዶማዋን አነሳች።

"ምነው እንኳየሁ!" አሉ መሪጌታ ከደጃፍ። "የመሪጌታ ሚስት የሚካኤልን በዓል ሻረች ቢባል ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ?"

"ውሃው ተኝቷል እኮ። አንዴ ጠረግ ባደርገው..."

"የከረመ ካብ ነው፣ በአንድ ቀን አይናድም። ነገ አብሬሽ እጠርጋለሁ።"

ይህ የሰው ፊት የሚሉት ነገር ስንቱን ቤት አፍርሷል! እንኳየሁ ዶማውን አስቀመጠች። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ተረኞች እነሱ ነበሩና ዳቦና ጠላ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ትንሿ ልጃቸው አበቡ ትኩሳት ስለያዛት ተኝታ ቀረች። እናቷ ጋቢ ደርባላት፣ "አሁን መጣሁ" ብላት ወጣች። ሰማዩም ያን ጊዜ ፈክቶ ነበር፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።

ገና ዳቦው ሳይቆረስ ዝናቡ እንደገና ወረደ። ወዲያው ከዳገቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሲደርሱ ካቦቹ አንዱ በሌላው ላይ ተንደው የጎጆውን ጀርባ ደርምሰውታል። የማኅበሩ ሰው ሁሉ፣ ቄሱም ሳይቀሩ፣ በዓል አላሉም፤ ቆፈሩ። እንኳየሁ በጥፍሯ ነበር የምትቆፍረው። ድንጋዮቹን ታውቃቸዋለች፣ በጀርባዋ ያመጣቻቸው ናቸው። አበቡን ከነጋቢዋ አወጧት። እስትንፋስ አልነበራትም።

ከቀብር በኋላ፣ በተጠጉበት የጎረቤት ቤት ለቀስተኛው ወጥቶ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ መሪጌታ እግሯ ሥር ተንበረከኩ።

"ስደቢኝ። እርገሚኝ። ዝም አትበይኝ፣ ስለ ሚካኤል!"

እንኳየሁ ጥፍሯ ውስጥ የቀረውን አፈር ስታይ ቆየች።

"ምን ብዬ ልርገምዎት?" አለች። "እርስዎ ውሃ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ትቻት የሄድሁ።"