የአንበሶ ፀጉር

እሱ ደግሞ ምን አገባው፣ ማን ና ውሰድልኝ አለው፣ ትላለች ሰርካዲስ በልቧ፣ በልቧ ብቻም አይደለም መሰል አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ዘወር ብሎ ያያታል፣ ይየኛ፣ አብዳለች ይበል፣ ሚኒባሱ ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይጠማዘዛል፣ እሷ ከጥቁር ቀሚሷ ላይ ፀጉር ትለቅማለች፣ ትለቅማለች፣ አያልቅም። የውሻ ፀጉር። አጭር፣ ነጭ፣ ደረቅ። ፀጉረ ረጅም ውሻ ቢሆን እኮ ፀጉሩ ጨርቅ ላይ ይተኛል፣ ጠረግ ሲያደርጉት ተሰብስቦ ይነሳል፣ ይኼ ግን እንደ መርፌ ይሰካል፣ ክሩና ክሩ መሃል ገብቶ ይቆማል፣ ልብስ ሰፊ ናትና ከእሷ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም፣ አጥባው አይወጣ፣ አራግፋው አይወጣ፣ አንበሶ ብለው ስም ያወጡለት አባቷ ናቸው፣ አንበሶ! ጎፈር እንኳ የለው ነገር፣ ከየት አምጥቶ ነው ይህን ሁሉ የሚያረግፈው።

አሁን ግን አንበሶ የለም። ጠዋት ክር ልትገዛ ገበያ ወጥታ ስትመለስ ገመዱ የለም፣ ውሻው የለም፣ አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ባዶውን መንገድ ያያሉ። አንበሶስ፣ አባዬ? ሞላልኝ ወሰደው። የት ወሰደው? ዝም። ቁርሳቸው ሳይነካ አጠገባቸው ተቀምጧል፣ ዝንብ ይዞረዋል፣ የት ወሰደው አባዬ፣ ለምን ዝም አሉት? ሞላልኝ ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፣ በዓል ሲሆን ብቅ ይላል፣ ኬክ ይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል፣ ዛሬ በዓል አይደለም፣ ዛሬ ምን ሊሠራ መጣ፣ ደወለችለት አያነሳም፣ ደግማ ደወለች አያነሳም፣ ሱቋን ቆልፋ መናኸሪያ ሮጠች። ያነሳል፣ ፊቱ ስትቆም ያነሳል!

ወይ ይኼ ውሻ ወይ እኔ፣ አንዳችን ከዚህ ቤት እንወጣለን። ብላለች። አዎ ብላለች፣ እሁድ ዕለት ለሞላልኝ በስልክ፣ እና ቢባልስ፣ ሰው ተናዶ ስንት ነገር ይላል፣ የተናደደ ሰው ቃል እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈጸማል እንዴ፣ ቧንቧው ሲፈስ ና ሥራልን ብላው ነበር ያን ጊዜ አልሰማ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲገነጠል ብላው ነበር አልሰማ፣ ይህችን ግን ሰማ፣ ይህችን ለመስማት ጆሮው ተከፈተ።

እትዬ የኔነሽ ናቸው ሁሉን ያመጡት። የልጃቸውን የሠርግ ካባ አሰፍተዋት፣ ጥቁር ከፋይ ጨርቅ፣ ጠርዙ በወርቅ ዘቦ፣ ዓይኗ እስኪደክም የሠራችው፣ መጥተው በሰው ፊት ዘረጉት፣ ቀን ብርሃን ላይ አወጡት፣ ይኼ ምንድነው ሰርካዲስ፣ ልጄ ሙሽራ ነው ያልኩሽ ወይስ ውሻ ነው ያልኩሽ? ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ምን ታድርግ፣ ሳቀች፣ ከዚያ በር ዘግታ በፕላስተር እየለጠፈች ስታነሳ ዋለች፣ ከላይ ያለው ወጣ፣ ከገበሩ ጋር አብሮ የተሰፋው ግን እንዴት ይውጣ፣ ስፌቱን ፈታ እንደገና ሰፋችው፣ ከዚያ ወዲያ በቧንቧ ውሃ ሰፈር ስሟ ተቀየረ፣ ሰርካዲስ ቀረና የውሻዋ ሰፊ ሆነች፣ ጨርቃቸውን አምጥተው የነበሩ ሙሽሮች ሐሳባችንን ቀየርን እያሉ ወሰዱ፣ ሐሳባችንን ቀየርን! እስቲ ፀጉሩን ነው በሉኝ፣ ምናለ፣ ፊት ለፊት በሉኝ።

ሐኪም ጋ አልወሰደችውም እንዳይባል ወስዳዋለች። ዶክተር ሸሪፋ፣ የእንስሳት ሐኪሟ፣ ፀጉሩን በጣቷ እየከፈለች ቆዳውን አየች፣ ጆሮውን፣ የእግሩን ሥር፣ አልቆሰለም፣ አልተመለጠም፣ ቁንጫ የለው ቅማል የለው፣ በሽታ አይደለም፣ በምንድነው የምታጥቢው? በልብስ ሳሙና። በየስንት ጊዜው? ኧረ በየሁለት ቀኑ፣ ይረግፋል እኮ ዶክተር! ተይ፣ ቆዳውን አድርቀሽ ነው የምታባብሺበት፣ በወር አንዴ በለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል፣ የጎማ ጓንት አጥልቂና ርጥብ አድርገሽ በየቀኑ ፀጉሩ በተኛበት በኩል እሺው፣ የሞተው ፀጉር ወለልሽ ላይ ከሚረግፍ እጅሽ ላይ ይውጣ፣ በርበሬ የነካ ትራፊ አትስጪው፣ እንቁላል ቀቅይለት፣ ምግቡ ላይ ጠብታ ዘይት፣ ደግሞ እንዳትላጪው፣ ብዙ ሰው ይላጫል፣ ፀጉሩ ልብሱ ነው፣ ከፀሐይም ከብርድም የሚይዝለት እሱ ነው፣ ተላጭቶ ሲያድግ ደግሞ ብሶ ይዋጋል። እና መርገፉ ያቆማል? ማቆምስ አያቆምም፣ ውሻ ነው፣ ይቀንሳል፣ አብሽሪ። አብሽሪ! ይቀንሳል ለማለት ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው፣ ብላ ተቆጥታ ወጣች፣ ግን አደረገች፣ ሁሉንም አደረገች፣ ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ጓንቷን አጥልቃ ስታሸው አንበሶ ዓይኑን ጨፍኖ ይደገፋታል፣ ፀጉሩ እፍኝ እፍኝ ሆኖ ጓንቷ ላይ ይወጣል፣ ወለሉ ላይ ግን ቀነሰ፣ እውነት ቀነሰ፣ ይኼ ነው ደግሞ የሚያቃጥላት፣ ቀንሶ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። እሁድ ዕለት አንዲት ፀጉር ብቻ፣ ነጭ ቀሚስ ላይ ቢሆን የማትታይ፣ ጥቁር እጅጌ ላይ አገኘችና ያ ሁሉ ተነሳባት፣ የዚያን ቀን የሰዉ ሳቅ ተነሳባት፣ ስልኩን አንስታ ለዚያ ለማይረባ ወንድሟ…

ወራጅ አለ።

ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፣ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ ታስራለች፣ ትሄዳለች፣ መጋዘኑን ታውቀዋለች፣ አንዴ ምሳ አድርሳለታለች፣ ስትሄድ የምትለውን ታዘጋጃለች፣ ሌባ ትለዋለች፣ የአባትህን እስትንፋስ የሰረቅክ፣ አዎ እስትንፋስ፣ እማዬ ከሞተች ወዲህ ሽማግሌው ከማን ጋር ነው የሚያወሩት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና የነዱ፣ ድምፃቸው ከሞተር በላይ የሚሰማ ሰውዬ፣ ከቀብሩ መልስ ድምፃቸውን የሆነ ቦታ ጥለውት የመጡ ይመስል፣ በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ፣ ለእሷ ይህቺው ናት። ደጋን ከተማ ያለ ወዳጃቸውን ጠይቀው ሲመለሱ መንገድ ዳር አንስተው በካፖርታቸው ኪስ ለከተቱት ቡችላ፣ ለአንበሶ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ያወራሉ፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ጭጋጉ፣ ፍሬን ስለበጠሰባቸው ቀን፣ ልብስ ስትሰፋ በግድግዳው በኩል ትሰማቸዋለች፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጣለች፣ ያን ታሪክ ለእሷ ነግረዋት አያውቁም። እሷ ናት የምታበላቸው፣ እሷ ናት ካልሲያቸውን የምታጥብ፣ ለውሻ የሚወራው ለእሷ ምን ነስቷት ነው። አትቀናም። በውሻ ማን ይቀናል። ትናደዳለች እንጂ።

የመጋዘኑ በር። ዘበኛው አያ ጀማሉዲን ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፣ ያውቋታል፣ ግን ሰላምታውን ሳይጨርሱ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ወላሂ እኔ የለሁበትም ልጄ፣ ወላሂ በእጄ አልነካሁትም። ምኑን ነው ያልነኩት አያ? በዓይናቸው ወደ ጥግ ያሳዩአታል።

የውሃው ታንከር ጥላ ሥር አንድ ነገር ታስሯል።

ውሻ መሆኑን ለማወቅ ትዘገያለች። ቆዳ ነው፣ ሮዝ፣ እንደ ተላጠ ድንች፣ ጎኑ ላይ ማሽን የበላው ቀይ መስመር፣ ጆሮዎቹ ብቻ ፀጉር አላቸው፣ ራስ ቅሉ ሰፍቶ ይታያል፣ ጎድኑ ይቆጠራል፣ ሲያያት ጅራቱን ያንቀሳቅሳል፣ ግን አይነሳም፣ ጭራውን እግሩ መሃል መልሶ ይከታል፣ ያፍራል፣ ውሻ ያፍራል እንዴ፣ ያፍራል፣ እያየችው ነው። ፀጉር ቤት ያለው ጓደኛው ማሽን ይዞ መጣ፣ ይላሉ አያ ጀማሉዲን፣ ለሁለት ይዘውት ይጮሃል፣ ኧረ ይበቃችኋል አልኩ፣ እኔን ማን ሰምቶ፣ በጣሳ ውሃ ሰጠሁት፣ ሌላ ምን ላድርግ።

ሞላልኝ ከውስጥ ይመጣል፣ ይስቃል፣ እጁን ዘርግቶ፣ አንቺ እንዴት አወቅሽ በናትሽ፣ ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነበር እኮ፣ ማታ ራሴ ላመጣልሽ፣ አየሽው፣ ቀለለው፣ ከዚህ በኋላ ፀጉር የለ፣ ጭቅጭቅ የለ፣ ካባሽን እንደ ልብሽ ስፊ! ሌባ ልትለው ነበር፣ አልሰረቀም፣ ሊመልሰው ነበር፣ ሊያስደስታት ነው፣ ተደሰቺ እያለ እንደ ልጅ ፊቷን ያያል፣ ሰርቆት በሆነ ይሻላት ነበር፣ ሌባን መጥላት ይቀላል። ማንን ጠይቀህ ነው፣ ትላለች፣ ድምፅዋ ቀጥኗል። እንዴ፣ ወይ እሱ ወይ እኔ ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ ለአንቺ ብዬ ሥራ ፈትቼ፣ ምስጋናው ይኼ ነው? ለእኔ ብለህ? ስልክ ሲደወል ለማንሳት ጊዜ የለህም፣ ለመላጨት ጊዜ አለህ? ሐኪሟ እንዳይላጭ ብላለች፣ ቆዳው ይቃጠላል፣ አባዬን ጠይቀሃል፣ የእሳቸው ውሻ ነው፣ ጠይቀሃቸዋል? አባዬ፣ ይላል ሞላልኝ ትከሻውን እየሰበቀ፣ አባዬ ደግሞ ምን ይናገራል።

ምን ይናገራል።

እጇ ይነሳል፣ ጥፊው ጮክ ይላል፣ አያ ጀማሉዲን አስተግፊሩላህ ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ እሷ ገመዱን ትፈታለች፣ ቋጠሮው እምቢ ይላል፣ ምን ይናገራል ይላል፣ እንደ ወንበር፣ እንደ ቁም ሳጥን፣ አባቱን፣ ና አንበሶ፣ ና ተነስ፣ ወደኋላ አታይም፣ እንዳታይ። ባየች ጉንጩን ይዞ የቆመ ታናሿን ታያለች፣ በልጅነቱ በጀርባዋ ያዘለችውን፣ አታይም።

ሚኒባስ አይጭናቸውም፣ ውሻ አንጭንም እህቴ፣ ደግሞ በሽተኛ ነው፣ በሽተኛ አይደለም ተላጭቶ ነው፣ ያው ነው፣ ሂጂ፣ ሌላውም ያው፣ ሦስተኛው መስኮቱን ዘጋባት፣ በሽተኛ እናንተ! በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ይቆማል፣ ሹፌሩ ውሻውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ከሽንኩርቱ ጋር ከተስማማሽ ከኋላ ውጪ ይላታል። ጆንያ ላይ ትቀመጣለች፣ አንበሶን በሁለት እጇ አቅፋ አንስታው፣ መኪናው ሽቅብ ይያያዘዋል፣ አየሩ በየጥምዝምዙ ይቀዘቅዛል፣ አንበሶ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ጎኑ፣ ከዚያ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ሹራቧን ታለብሰዋለች፣ እግሩን በእጅጌው ውስጥ ታስገባለች፣ አይበቃውም፣ ነጠላዋን ትደርባለች፣ አይበቃውም፣ ጭኗ ላይ ስባ ሆዷ ላይ ትለጥፈዋለች፣ የተላጨው ቆዳ ይሞቃል፣ ይጎረብጣል፣ ልቡ ክንዷን ይመታታል። ይበርደኛል አትበለኝ፣ ትለዋለች፣ እኔም በርዶኛል፣ አንተን ብዬ ነው፣ ዘላለም አንተን ብዬ፣ እንባዋ ይመጣል፣ የሽንኩርቱ ነው፣ ጆንያው ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ያነባል፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሰፈር ሲደርሱ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። አባቷ እዚያው ናቸው፣ ደጃፍ። አንበሶ ሹራቧን እየጎተተ ይሄዳል፣ ጉልበታቸው ላይ አገጩን ያኖራል፣ እጃቸው እንደ ልማዱ ከራሱ ወደ ጀርባው ይወርዳል፣ ከሹራቡ ሥር ይገባል። ይቆማል። ሹራቡን ይገልጣሉ። ቀዩን መስመር በአውራ ጣታቸው ይነኩታል።

ማነው ይህን ያደረገው?

ድምፁ ከየት እንደ መጣ አታውቅም፣ ወደ ኋላዋ ዞራ ለማየት ይቃጣታል፣ ሰፊ፣ ሻካራ፣ ከሞተር በላይ የሚሰማ። ሞላልኝ ነው፣ አባዬ፣ ከፀጉር ቆራጭ ጓደኛው ጋር። ደውይለት! ትደውላለች፣ ዛሬ ጠዋት ያላነሳው ልጅ አሁን በአንድ ጥሪ ያነሳል፣ ስልኩን ነጥቀዋት ይነሳሉ፣ ምርኩዝ ሳይዙ ይነሳሉ፣ አንተ! ብለው ይጀምራሉ፣ አንተ ነህ ሰው የምትባለው፣ ራቁቱን በዚህ ብርድ፣ ደሴ መሆኑ ጠፋህ፣ እዚህ አይደል እንዴ የተወለድከው! ጎረቤት ይወጣል፣ እትዬ የኔነሽ በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከወዲያ የሞላልኝ ድምፅ አባዬ፣ አባዬ፣ እኔ እኮ ይላል፣ ምን እኮ! ነገ ከነ ጓደኛህ ትመጣለህ፣ መድኃኒት ይዘህ ትመጣለህ፣ ብለው ይዘጉበታል፣ ያቃስታሉ፣ ፊታቸው ደም መስሏል።

ጨርሰዋል ብላ ስታስብ ወደ እሷ ይዞራሉ። አንቺስ! ወይ እሱ ወይ እኔ ስትይ ያልሰማሁሽ መሰለሽ? ግድግዳው ለአንቺ ብቻ ነው የሳሳው?

ይቅርታ ማለት አለባት። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሷል፣ ግን የሚወጣው ሌላ ነው፣ አዎ ብያለሁ! ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ በሰው ፊት፣ እትዬ የኔነሽ ይስሙ፣ ሰፈሩ ይስማ፣ ብያለሁ፣ ለእሱ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ለእኔ በልቻለሁ፣ ፍሬን ስለበጠሰብዎ ቀን ለውሻ ይነገራል፣ እኔ ምንዎ ነኝ፣ ግድግዳ ነኝ? ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ! ይላሉ እሳቸው። ልጠይቅዎ ስል ዝም ይላሉ! ዝም የምለው አንቺ ስትቆጪ ነው! ታዲያ የማልቆጣው መቼ ነው፣ ትላለች፣ መቼ አርፌ አውቃለሁና፣ አንበሶ መሃላቸው ሹራብ ለብሶ አንዴ እሷን አንዴ እሳቸውን ያያል፣ ውስጥ ግቢ፣ ይበርደዋል፣ እሳት አያይዢ ይሏታል፣ አያይዛለሁ ግን አልጨረስኩም ትላለች፣ እኔስ መች ጨረስኩ ይላሉ፣ ድምፃቸው እየጨመረ ነው፣ ይጨምር፣ ይጩሁባት፣ ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ይጩሁባት፣ እሷም አትተዋቸውም፣ ከሰሉን እየደረደረች በትከሻዋ በኩል ትመልሳለች፣ የት ጋ ነው ፍሬኑ የበጠሰብዎ፣ ደጋን ሳይደርሱ ነው አይደል፣ የለም! ይላሉ ተቆጥተው፣ ማነው ደጋን ያለሽ፣ ስሚ፣ መጀመሪያ ስሚ፣