የዩምና የመጀመሪያ ረቂቅ

እኔ ፍሥሐ ጉረኛ መምህር ነኝ፤ አልክድም። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ ባመጣኋቸው አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች የአልዩ አምባን ልጆች ድርሰት አስተምራለሁ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የኮምፒውተር ጽሑፍ ግን እስኪበቃው ይታሻል!» እያልኩ አስቃቸዋለሁ። አንዲት ሕግ ነበረችኝ፦ ረቂቅ አይጠፋም። ያሻሻሉትን «ሁለት» ብለው ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ «አንድ» እዚያው ይቆያል። ሁለቱን አስተያይቼ ነው የማርመው።

ዩምና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። «የምወደው ሰው» በሚለው ርዕስ የጻፈችውን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። ወንድሟ ሐቢብ ጫካ ገብቶ እንደነበር፣ እግሩን ቆስሎ መመለሱን፣ ደብረ ሲና አክስታቸው ጓዳ መደበቁን፣ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዳ ቁስሉን እንደምታጥብለት አንድም ሳታስቀር ጽፋዋለች። እንዴት ያምራል! እንዴትስ ያስፈራል!

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ይኼ ከተሰማ ወንድምሽን ይወስዱታል» አልኳት ቀስ ብዬ።

ፊቷ አመድ መሰለ። ቁጭ ብላ እንደ አዲስ ጻፈች፤ ሐቢብ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል አለች። ከዚያ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አንደኛውን ላጥፋው?»

«ሕጉን ረሳሽው እንዴ? የክፍሉ ቁልፍ እኔ ኪስ ነው ያለው፤ ማን ያየዋል?»

እውነቱን ልናገር፣ ሳስቼለት ነው። እንደዚያ የጻፈልኝ ተማሪ አልነበረም። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

በሳምንቱ ጫካ የገቡትን የሚያድኑ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ቁልፉን ተቀበሉኝ። ኮምፒውተሮቹን ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈትሹ ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ሐቢብን ከጓዳው አወጡት። አክስቲቱ «የለም» ብላ ስትምል ከወረቀት አነበቡላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠበውን ቁስል ሳይቀር። በማግስቱ ቤተሰቦቹ ሬሳውን ከመንገድ ዳር አነሱት።

ዩምና ከለቅሶው በኋላ ትምህርት ቤት መጣች። ማንንም ሰላም ሳትል ቦታዋ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ስጠጋ «አንድ» ፊቷ ተዘርግቷል።

«ቲቸር፣» አለችኝ፣ «አሁንስ ላጥፋው?»

ያ ሁሉ ጉራዬ የት እንደገባ እንጃ። ተማሪዎቼ ፊት አለቀስኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ መልሴን ትጠብቃለች።