ፈቃድ የሌላት ሴት

ክሌም ፓስኮ የወርቅ ማጠቢያውን ሳህን ሲያዞር እጁ አልተሳሳተም። አሸዋው ተጠርጎ ሄደ፤ ከሥር ሦስት የወርቅ ቅንጣት ቀረ። ጎብኚ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ወርቁን ጠዋት ጠዋት ጅረቱ ውስጥ የሚበትኑት የቱሪስት መንደሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ክሌምም ሲበትን ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል። አሁን ግን ደስታው ገደብ አጣ።

«አየሽልኝ ነርስ?»

«አየሁልህ» አለች ቨርና።

ነርስ አይደለችም፤ አርባ አንድ ዓመት ከጎኑ የተኛች ሚስቱ ናት። ስሟን ከአፉ ከሰማች ግን አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። ሰኞ ዕለት፣ በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለ፣ በሩ ወደሚቆለፍ የመርሳት ሕመምተኞች ማቆያ ይወስዱታል። ከዚያ በፊት ስሟን አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠራት ፈለገች። ለልጆቿም አልነገረች፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ምኞት ያሳፍራል።

ወደዚህ ያመጣችው ለዚሁ ነው። ድንኳኖቹ፣ የማዕድን ጉድጓዱ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የቆመው ዳቦ ቤት፣ ሁሉም የጥንቱን የወርቅ ፈላጊዎች ዘመን አስመስለው የተሠሩ ናቸው። እሷ እዚህ የጥንት ልብስ ለብሳ ዳቦ ሸጣለች፤ እሱ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የወርቅ ቁፋሮ ፈቃድ የሚቆጣጠር ፖሊስ ሆኖ ተጫውቷል።

ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ሎሬይን እጇ በዱቄት እንደተለወሰ አቀፈቻት።

«አንቺ ከሃዲ! ጡረታ ወጣሁ ብለሽ እርም አልሽን?» ካለች በኋላ ክሌምን አየችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ሽርጤና ቆቤ አሉ?»

«ሚስማሩ ላይ ናቸው። ማን ደፍሮ ይነካቸዋል!»

ቨርና ለበሰች። የሽርጡ ማሰሪያ አልደርስ አላት።

«ወገብሽን የት ጣልሽው?»

«ያንቺ የሥጋ ፓይ በላው።»

ሳቁ። ቨርና ከመደርደሪያው አንድ ፓይ አንሥታ ወጣችና ክሌም ፊት ቆመች። ቆቡን አስተካከለች፣ ዞር ብላም አሳየችው። እሱ ያየው በእጇ ያለውን ፓይ ነበር።

«ትኩስ ነው?» አላት።

መኪናው ወደቆመበት ልትመልሰው ክንዱን ስትይዘው ከድንኳኖቹ በኩል ጩኸት ተነሣ።

«ጆ! ጆ!»

ፖሊስ መጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ፈቃድ የሌለው ቆፋሪ ይሮጣል፤ ተዋናዮቹም ይሮጣሉ። ቨርና ሥራ በጀመረችበት ሳምንት ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ሁሉም ሲሮጥ ተገትራ ቀረች፤ ክሌም ከፈረሱ ላይ ሆኖ «ፈቃድ!» ብሎ ሲጮህባት እውነት መስሏት፣ ከሥራ የተባረረች መስሏት፣ በሰው መሐል አለቀሰች።

ክሌም ክንዱን ከእጇ አላቀቀ። የጎበጠው ጀርባው ቀና አለና ጮኸባት።

«ፈቃድ!»

በፈረስ የመጣው ብሬት የፖሊስነቱን ትወና ከክሌም የተማረ ሰው ነበር። ልጓሙን ስቦ ቆመና ሌሎቹን በእጁ ዝም አሰኛቸው።

«የለኝም ጌታዬ» አለች ቨርና።

«ስም?» አላት ክሌም።

ይህን ያህል መንገድ የመጣችው ከእሱ ልትሰማው ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእሷ ይጠይቃል። ልትዋሽም አሰበች።

«ቨርና ሎክየር» አለች፣ ከማግባቷ በፊት የምትጠራበትን የአባቷን ስም ጠርታ።

ክሌም ግራ ቀኙን አየ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዳቦ ቤቱ ውስጥ በዚህ ስም የምትጠራ ልጅ አለች፤ አዲስ ናት። ትናንት አስለቀስኳት።» ጆሮው ድረስ ቀላ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ አፌ ተሳሰረብኝ። አንቺ ሴት ነሽና ምን ልበላት?»

ቨርና ፓዩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ምንም አትበላት። ስሟን ብቻ ጥራት።»

«ትመጣለች?»

«ትመጣለች።»

አንገትጌውን አስተካከለ። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ዳቦ ቤቱ በር ጥቂት ተራመደና ቆመ። ሎሬይን ከበሩ ፈቀቅ አለች።

«ቨርና!» ብሎ ተጣራ። አንድ እርምጃ ቀርቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «ቨርና!»

«አቤት» አለች ከኋላው።

እሱ ግን አልዞረም። ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።